ማታ ማን ያድርሰን?

መሰለች ወልደዮሐንስ ከቁመቷ ይልቅ ድምፅዋ ቀድሞ የሚታወቅ ሴት ነበረች። ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ባለው የዘይት ፋብሪካ ውስጥ መጭመቂያው ማጓራት ሲጀምር ካቦዎቹ ሁሉ በእጅ ምልክት ነበር የሚግባቡት። እሷ ግን ትጣራለች፤ የተጠራውም ከወዲያኛው ጫፍ አቤት ይላል። የሠራተኛ ማኅበሩ የቅስቀሳ ኃላፊ አድርጎ ሲመርጣት ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እሷም ታውቃለች፤ አይከፋትም ነበር።

የተወለደችው አቦምሳ ነው። እናቷ ሲሞቱ አክስቷ ዘንድ ናዝሬት መጣች፤ አክስቷም ሥራ እንዲፈልጉላት ለጎረቤታቸው ለአቶ ሰብስቤ ነገሯቸው። አቶ ሰብስቤ የፋብሪካው የመጋዘን ሹም ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ሠራተኛውን አስተባብረው ማኅበሩን ያቋቋሙ፣ በዚሁም ምክንያት ታስረው የተፈቱ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዋስትና መሰለች ለቃሚ ሆና ተቀጠረች። ለቃሚዎች ማለት ጆንያ አንጥፈው መሬት ላይ ተቀምጠው ከኑጉና ከሰሊጡ ውስጥ ጠጠርና እንክርዳድ የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። ዓመታት አለፉ፤ መሰለች ከጆንያው ላይ ተነሥታ የለቀማ ክፍሉ ካቦ ሆነች። አግብታም ወለደች፤ ባሏ የአሰብ መንገድ ሾፌር ስለሆነ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷው ነበረች። አቶ ሰብስቤን እንደ አባት ነበር የምታያቸው፤ «ጋሼ» እንጂ ሌላ ብላ ጠርታቸው አታውቅም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓ.ም. የማኅበሩ አመራር ዘመን አለቀና አዲስ ምርጫ ይደረግ ተባለ። ጣጣው የመጣው ያኔ ነው። ከፋብሪካው ሠራተኛ ግማሽ ያህሉ ወጣት ነበር፤ ከወለንጪቲ፣ ከመቂ፣ ከቡልቡላ፣ ከአርሲ ገጠር የመጣ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሽማግሌዎቹ የፊቱን ወንበር ይዘው ቀሩ፤ የኋላው ባዶ ነበር። ምልዓተ ጉባዔ አልሞላም ተብሎ ተበተነ። ሁለተኛውን ሲጠሩ የፋብሪካው ካድሬ ጓድ አብተው ማንም እንዳይወጣ የግቢውን በር አስቆለፈው። ወጣቶቹም በጓሮ ዞረው በፋጉሎው ክምር ላይ እየወጡ አጥሩን ዘለሉ። የዘይቱ አተላ ደርቆ የሚከመርበት ያ ፋጉሎ ለከብት መኖነት ብቻ ሳይሆን ለመሰላልነትም እንደሚሆን ያን ቀን ታወቀ።

ሦስተኛው ካልሞላ አመራሩን የበላይ አካል ይሾማል የሚል ወሬ ተሰማ። የማኅበሩ ሊቀመንበር የነበሩት አቶ ሰብስቤ ይህን አልቻሉትም። በእስር የተመሠረተ ማኅበር በደብዳቤ ሊሾምበት ነው። መሰለችን መጋዘን አስጠሯት።

«ልጆቹን አምጪልኝ» አሏት። «አንቺን ይሰማሉ።»

እሺ ብላ ወጣች። እንዴት እንደምታመጣቸው ግን አላወቀችም። በመጀመሪያ ያደረገችው ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ጓድ አብተው ቀይ ጨርቅ አመጣ፤ «ምርጫ የወዛደሩ አብዮታዊ ግዴታ ነው!» ተብሎ በነጭ ቀለም ተጻፈና ለቀማ ክፍሉ በር ላይ ተሰቀለ። እሷም ድምፅ ማጉያ ይዛ በየክፍሉ ዞረች። ለቃሚዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ጣታቸው ብቻ ይሠራል። በቦይለሩ፣ በእንፋሎት ማሞቂያው ላይ የሚሠሩት ልጆች ፈገግ ብለው በአክብሮት አሳለፏት። በማግስቱ ዝናብ ጣለ፤ የክፍሉ ቆርቆሮ ያፈስ ስለነበር የተለቀመው ሰሊጥ ሊበሰብስ ሆነ። መሰለች ዙሪያዋን ብትመለከት ከዚያ ጨርቅ የተሻለ ሰፊ ነገር አጣች። አውርዳ ሰሊጡን ሸፈነችበት። ጓድ አብተው አይቶ ደነገጠ፤ ለቃሚዎቹ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ሳቁ።

ያ ሳቅ አደፋፈራትና በማግስቱ ካቦነቷን ትታ ከለቃሚዎቹ መሐል ጆንያ አንጥፋ ተቀመጠች። ጎኗ ያለችው ፋዲላ ነበረች። የፋዲላ ወላጆች ከወሎ መጥተው ናዝሬት ገበያ ውስጥ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ ልጅ ነበረች። ብዙ ከለቀሙ በኋላ መሰለች ድምፅዋን አለሳልሳ ስብሰባ ለምን እንደማትመጣ ጠየቀቻት።

ፋዲላ እጇን አላቆመችም። «ወንድሜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አነሣ፣ እትዬ። ማን እንዳነሣ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ዝም አይነቅዝም ነው የሚባለው።»

ወንድሟ የት እንደገባ መሰለች አልጠየቀችም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ናዝሬት ውስጥ የነበረ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ አይጠይቅም ነበር። ፈረቃው ሲያልቅ ተነሣች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ነገሩ አልለቀቃትም። እሷ ራሷስ? በየስብሰባው እጇን የምታነሣው ፊት ለፊት ያሉት ማንሣታቸውን አይታ አልነበረም? ልጆቹን ስትጠራቸው የነበረው እሷ ራሷ ወደምትፈራው ነገር ነው። አፈረች፤ ከዚያም ተናደደች። ንዴቱ ጠቀማት።

በማግስቱ ፋዲላ ጎን ተመልሳ ተቀመጠች። «ትናንት ያልሽው እውነት ነው» አለቻት። «ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ስኖር፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ፍሬ ሁሉ ሲነቅዝ ነው ያየሁት።»

የፋዲላ ጣት ቆመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰለች ድምፅ ማጉያውን አስቀምጣ ጆሮዋን አነሣች። ልጆቹ ሲወጡ፣ ሲገቡ፣ ምሳ ሲበሉ ምን እንደሚያወሩ ታዳምጥ ጀመር። ስለ ምርጫ አንድም ቀን አያወሩም። የሁለተኛው ፈረቃ ለቃሚዎች ግን ሥራ ሲያልቅ በር ላይ ተሰብስበው ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር። ሰዓት እላፊው ይቀርባል፤ መንገዱ ጨለማ ነው፤ ከጋራው ጅብ ይወርዳል፤ ከጅቡም የሚብስ ሰካራም አለ። አብረው ይሄዱና በየሰፈራቸው እየቀነሱ መጨረሻ ላይ አንዷ ብቻዋን ትቀራለች። ብቻዋን የምትቀረው ደግሞ ቤቷ ሩቅ የሆነው ፋዲላ ናት። በር ላይ ሲደርሱ አንዷ ቀልድ አስመስላ «ማታ ማን ያድርሰን?» ትላለች፤ ሌሎቹ ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ያልቅ ነበር።

መሰለች ቅስቀሳዋን ከዚያ ቀልድ ላይ አነሣችው። መሠረተ ትምህርት ገብተው ፊደል የቆጠሩትን ለቃሚዎች ጠርታ ጠመኔ ሰጠቻቸው፤ በየመግቢያው እንዲጽፉም ነገረቻቸው። ፊደሉ የተንጋደደ ነበር፤ ግን ይነበባል። «ማታ ማን ያድርሰን?» ሌላ ምንም የለበትም። ምርጫ የሚል ቃልም የለበትም። በሦስተኛው ቀን ቦይለር ክፍል በር ላይ ከሥሩ ሌላ እጅ ጨመረበት፦ «የሚቃጠለውን እጃችንንስ ማን ይጠግነው?» መጭመቂያው ዘንድ ደግሞ ስለ አቧራው ተጻፈ። ፋብሪካው መናገር ጀመረ።

ጓድ አብተው ይህን ሲያይ ላብ አጠመቀው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከበላዩ ያሉትን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ግድግዳ ላይ በጠመኔ የሚጻፍ ነገር ደግሞ በዚያ ዘመን ቀላል አይደለም። ለቀማ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ማን እንደጻፈው ጠየቀ። ፋዲላ ጠመኔ የነካውን ጣቷን ከኑጉ ውስጥ ቀበረች።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኩት፣ ጓድ አብተው» አለች መሰለች። «ቅስቀሳ ነው።»

ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «መፈክር መጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖ ነው ያለው። ይሄ ጥያቄ ምልክት ነው።»

«ልክ ነዎት። የሚመልስ ሰው እንዲመርጡ ነው።»

ከክፍሉ ይዛው ወጣችና ግቢው ውስጥ እየተራመዱ ረጋ ብላ አስረዳችው። የበላዮቹ የሚጠይቁት ስንት ሰው መጣ ብለው ነው፤ በትእዛዝና በቃለ አጋኖ ተሞክሮ ማን እንደመጣ ራሱ አይቷል። አያይዛም የሚከብደውን ነገር ነገረችው። ምርጫው እጅ በማንሣት ከሆነ አጥር መዝለሉ አይቀርም፤ ድምፅ የሰጠው ሰው ለማን እንደሰጠ ማንም ሳያይ መስጠት አለበት። ደንቡ ምስጢራዊ ድምፅ እንደማይከለክል አቶ ሰብስቤን አስቀድማ ጠይቃ አረጋግጣ ነበር። አብተው ማንበብ የማይችለው ሠራተኛ ወረቀት ይዞ ምን ሊያደርግ ነው ሲል ጠየቀ። የእሱ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እሷም ይዛው ወደ ለቀማ ክፍሉ ተመለሰች።

መልሱ የተገኘው ለቃሚዎቹ መሐል ነው። ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ ዓይነት ፍሬ ይሰጠው አሉ፤ ፋብሪካው ውስጥ የሞላው እሱ አይደለም? በመጀመሪያ በኑግና በሰሊጥ ሞከሩት። ኑጉ ላብ ካለበት መዳፍ ጋር እየተጣበቀ አንዱ ሰው የሰጠው ድምፅ የቤተሰብ ያህል ሆነ። ለውዝ ይሁን ያለም ነበር፤ የለውዙ ዕጩ ድምፅ መንገድ ላይ ይበላል ተብሎ ተሳቀና ቀረ። በመጨረሻ የጉሎ ፍሬ፣ ሱፍና የጥጥ ፍሬ ተመረጡ። ሦስቱን ፍሬ በእጁ ይዞ ከመጋረጃ ኋላ የሚገባ ሰው አንዱን እንስራ ውስጥ ይጥላል፤ ሁለቱን ጆንያ ውስጥ ያፈስሳል። አብተው ይህን ሲሰማ «የሙከራ ነው እንበል» አለ። እንስራው አጠገብ መቀመጥም ፈልጎ ነበር። መሰለች ግን ከእሱ የተሻለ ፍሬ የሚያድል ሰው የለም ብላ በሩ ላይ አስቀመጠችው። ክብር መሆኑ ገብቶት ተቀበለ። ሌላውም ምክንያት፣ ማን ምን እንደጣለ እንዳያይ መሆኑ፣ የገባው ይመስላል።

ዕጩዎቹ ሦስት ነበሩ። በዕጣ ሱፍ ለአቶ ሰብስቤ ደረሰ፤ የጥጥ ፍሬ ለአንድ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ፤ ጉሎ ለወዬሳ። ወዬሳ ቦይለር ላይ የሚሠራ የወለንጪቲ ልጅ ነው፤ በወጣቶቹ ግፊት ነበር ዕጩ የሆነው። መሰለች ሦስቱንም በምሳ ሰዓት ለቀማ ክፍል ድረስ እየመጡ ለግድግዳው ጥያቄ እንዲመልሱ ጠየቀቻቸው። የሒሳብ ሠራተኛው ስለ ዓለም ወዛደር አብራርቶ ሄደ። አቶ ሰብስቤ በጀት ሲፈቅድ ለዳይሬክተሩ እንደሚያቀርቡ ተናገሩ። እውነተኛ ሰው ስለነበሩ የማይችሉትን ቃል አይገቡም፤ ልጃገረዶቹም አንገታቸውን ደፉ።

ወዬሳ ቆሞ አልተናገረም፤ ቁጢጥ አለ። መጀመሪያ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፤ ብዙዎቹ የቤታቸውን ቋንቋ ስለሰሙ ፊታቸው ፈታ። ከዚያ በአማርኛ ቀጠለ። ጣቢያው ዘንድ ከቆሙ ባለጋሪዎች ጋር ተነጋግሮ መምጣቱን፣ የመጨረሻው ባቡር ካለፈ በኋላ ፈረሶቹ ሥራ ፈት ሆነው እንደሚቆሙ፣ ፋብሪካው በወር ውል ከያዛቸው ጋሪዎቹ ተከታትለው ለቃሚዎቹን እስከ ደጃቸው ለማድረስ ፈቃደኛ እንደሆኑ ነገራቸው። የሰዓት እላፊውን ፈቃድ ከቀበሌ ማውጣት የማኅበሩ ሥራ እንደሚሆንም አስቦበት ነበር። ፋዲላ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጋሪው ሩቅ ሰፈር ድረስ ይሄድ እንደሆነ። ይሄዳል አላት።

መሰለች በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ደስ አላት፤ ወዲያው ግን ሌላው ነገር ታያት። ልጆቹ ይመጣሉ። ሲመጡ ግን የሚጥሉት ጉሎ ነው። ለዳቦዋ ዋስ የሆኑላትን፣ አምጪልኝ ብለው የላኳትን ሰው ልታስጥል ነው የምትለፋው። ጠመኔውን ማጥፋት ትችል ነበር፤ አንድ ቃል ብትናገር ለቃሚዎቹ ይሰሟታል። መጋዘን ገብታ አቶ ሰብስቤ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ይመጣሉ» አለች። «ለእርስዎ ላይሆን ይችላል።»

አቶ ሰብስቤ መነጽራቸውን አወለቁ። «አምጪልኝ አልኩሽ እንጂ» አሉ፣ «ለማን እንዲሰጡ ነግሬሻለሁ?»

ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ቢሆንም የፈለገችውን መልስ ሰጥተዋታል፤ ወጥታ ሥራዋን ቀጠለች።

የምርጫው ቀን አዳራሹ አልበቃም። የኋላው ወንበር ሞልቶ መተላለፊያው ሞላ፤ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉም ነበሩ። አጥሩ ዘንድ ማንም አልሄደም። ጓድ አብተው በሩ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ፍሬ በመዳፉ ሲያስቀምጥ እንደ ሚዜ ሆኖ ነበር። መጋረጃው ከጆንያ የተሰፋ ነው። አንድ በአንድ ይገባሉ፤ እንስራው ውስጥ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ከወጡ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስላላወቁ እዚያው ይቆማሉ። ፋዲላ ስትገባ መሰለች አየቻት። ቆይታ ወጣች። ከመሰለች ፊት ስትደርስ መዳፏን ዘርግታ ባዶውን አሳየቻትና ወደ ቦታዋ አለፈች። መሰለች ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ብዙ ሲያመሰግኗት ሰምታለች፤ እንደዚያች መዳፍ ግን ደረቷን የነፋላት የለም።

እንስራው ሰሌን ላይ ተገለበጠና በሁሉም ፊት ፍሬው ተለየ። ሱፉ ጥሩ ክምር ሆነ። ጉሎው ግን በለጠ። ማጨብጨብ ይፈቀድ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አዳራሹ ጸጥ አለ። አቶ ሰብስቤ ተነሡ፤ ወደ ወዬሳ ሄደው እጁን ጨበጡት፤ ከዚያም በመሐል መንገድ ወጡ። ጭብጨባው የተነሣው እሳቸው በሩን ሲያልፉ ነው። ለማን እንደሆነ አልለየም።

መሰለች ያን ሳምንት ኩራቷና ሐዘኗ እየተቀላቀለባት ሰነበተች። አቶ ሰብስቤ ሲያገኟት ሰላምታ ይሰጧታል፤ ከሰላምታ አያልፉም። ወዬሳም ቢሆን የገባውን ቃል ወዲያው አልፈጸመም። ዳይሬክተሩ የፈረስ ጋሪ ለዘመናዊ ፋብሪካ አይመጥንም ብሎ መለሰው። ልጁ ብልህ ነበር፤ በግትርነት አልቀጠለም። መጋዘን ሄዶ አቶ ሰብስቤን አብረውት እንዲገቡ ለመናቸው። ምን ብለው እንደገቡ፣ ምን ብለው እንደወጡ ሁለቱም አልተናገሩም፤ ውሉ ግን ተፈረመ። ከክረምቱ በኋላ የሁለተኛው ፈረቃ ለቃሚዎች ፋብሪካው በር ላይ ጋሪዎች ተደርድረው ጠበቋቸው። ባለጋሪዎቹ ፈረሶቹን በቀይ ጥለት አስጊጠው ነበር የመጡት፤ ማንም ሳያዛቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አቶ ሰብስቤ ለቀማ ክፍል መጡ። የሚረከቡት ነገር አልነበረም። መሰለች ተነሥታ ወንበር አቀረበችላቸው። ተቀምጠው ልጃገረዶቹን ሲያዩ ቆዩ።

«እኔ ይህን ማኅበር ከመሠረትኩ ጀምሮ» አሉ፣ «ያን አዳራሽ ሞልቶ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔን ለማውረድም ቢሆን ሞላ።» ወደ መሰለች ዞሩ። «ያቺን የአቦምሳ ልጅ ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ እላለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ።»

መሰለች ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል አቶ ሰብስቤ ትከሻዋን ይዘው አቆሟት።

ወሬው ከናዝሬት ወጣ። ጓድ አብተው ለበላዮቹ ያቀረበው ሪፖርት የሰው ብዛቱን እንጂ ጥያቄ ምልክቱን አልጠቀሰም፤ ቢሆንም ሞጆ ያለ አንድ ፋብሪካ ወጣት ሠራተኛ ለምርጫ አልወጣ ብሎት ስለነበር ያችን ሴት ላኩልን አለ። መሰለች አዲስ ነጠላ ለብሳ በፋብሪካው መኪና ሄደች። ከአቦምሳ ከመጣች ጀምሮ ሰው ተናገሪ ብሎ ከተማ ያሻገራት ያን ጊዜ ነው። የሞጆው ማኅበር ሊቀመንበር ጨርቅና ቀለም አዘጋጅቶ ጠበቃት፤ በናዝሬት የተጻፈውን መፈክር እንድትነግረው፣ እንደዚያው ሊያስጽፈው ነበር።

ወጣቶቹ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተሰብስበው ነበር። መሰለች ድምፅ ማጉያውን አልተቀበለችም። በናዝሬት የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስለ ሰሊጡ ሽፋን ስትናገር ሳቁላት። ሊቀመንበሩ መፈክሩን ንገሪን ሲላት ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ የእኛ ነበር» አለች። «የእናንተን እኔ አላውቀውም። ማታ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ምን እያላችሁ ነው የምትሄዱት?»

ከዚያ ከኋላው ወንበር አንዲት ልጅ፣ ቆማ መናገር አለመናገሯን ሳትወስን፣ ስለሚጠጡት ውኃ ጀመረች። መሰለች ከመድረኩ ወርዳ ከልጅቷ ፊት ለፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ታዳምጥም ጀመር።